ሥራው አንድ ቦታ፣ ኮዱ ሌላ ቦታ፣ ሰዓቱ በትዝታ

በወሩ የመጨረሻ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ተቀምጦ የሚሞላ ታይምሺት እምነት አይጣልበትም። አዲስ አበባ፣ ሜክሲኮ አደባባይ ዙሪያ ካሉት ፎቆች በአንዱ ውስጥ ሶፍትዌር የምትሠሩ ሁሉ ነገሩን ታውቁታላችሁ። ከአስተዳደር መልእክት ይመጣል፦ «እስከ 11 ሰዓት ድረስ ሰዓታችሁን ሞልታችሁ ላኩ።» ዴቨሎፐሩ ኤክሴሉን ይከፍታል። ከሦስት ሳምንት በፊት ማክሰኞ ዕለት ምን ሲሠራ እንደዋለ ለማስታወስ ይታገላል። የኮሚቶቹን ዝርዝር ያነባል፣ ቴሌግራም ላይ የድሮ መልእክት ይፈልጋል፣ ሲደክመው 8፣ 8፣ 8፣ 8 እያለ ሞልቶ ይልከዋል። ፕሮጀክት ማናጀሩ ከጂራው ጋር ሲያስተያየው አይገጥምም። ሒሳብ ክፍል ግን የመጣላትን ቁጥር ይዛ ኢንቮይሱን ታወጣለች። ውጭ አገር ያለው ደንበኛ «ይህ ሁሉ ሰዓት በምን አለቀ?» ብሎ ሲጠይቅ በእርግጠኝነት የሚመልስለት ሰው አይገኝም። ሥራው የታዘዘው አንድ ቦታ፣ የተሠራው ሌላ ቦታ፣ ሰዓቱ የተጻፈው ሦስተኛ ቦታ ነዋ።

እኔ ሦስቱን ማገናኘት የሐቀኝነት ጉዳይ ነው ባይ ነኝ። ደንበኛ የከፈለበትን እንዲያይ፣ ሠራተኛ የደከመበት እንዲቆጠርለት፣ አለቃም የሚቀጥለውን ሥራ በደመነፍስ እንዳይገምት።

ይህ ጉዳይ ሜክሲኮ ላይ ሲነሳ ደግሞ ቦታው ነው። ተግባረ ዕድና ኮሜርስ ሁለቱም ጣልያን ከወጣ በኋላ በ1930ዎቹ የተከፈቱ፣ ከአደባባዩ በእግር የሚደረስባቸው ትምህርት ቤቶች ናቸው። አንዱ የእጅ ሙያ፣ ሌላው የሒሳብ መዝገብ አያያዝ ሲያስተምሩ ኖረዋል። የሠራውና የመዘገበው በአንድ ሰፈር ያደጉ ማለት ነው። ዛሬም በአንድ ቢሮ ውስጥ ኮድ የሚጽፈው ልጅና ሒሳብ የምትይዘው ልጅ ጠረጴዛቸው ጎን ለጎን ነው፤ የሚጠቀሙባቸው ሶፍትዌሮች ግን አይተዋወቁም።

የማይተዋወቁበት ምክንያት ከአመጣጣቸው ነው። ጂራ እ.ኤ.አ. በ2002 ሲወጣ የስህተት መከታተያ መዝገብ ነበር። ጊትን ሊነስ ቶርቫልድስ በ2005 የጻፈው የሊነክስን ከርነል ኮድ ለመያዝ ነው። ሬድማይን በ2006፣ ጊትሀብ በ2008 መጡ። ቶግል፣ ክሎኪፋይ፣ ኪማይ የመሳሰሉት ሰዓት መመዝገቢያዎች ደግሞ በሰዓት ለሚያስከፍል ባለሙያ ሁሉ የተሠሩ ናቸው፤ ኮድ ጻፈ አልጻፈ ግድ የላቸውም። ሁሉንም አንድ ላይ አስቦ የሠራቸው ሰው ስለሌለ ድልድዩን የመዘርጋቱ ሥራ የተጠቃሚው ሆኖ ቀርቷል።

ድልድዩ ግን ብዙዎች እንደሚፈሩት ከባድ አይደለም። የሚቆመው በአንድ ቁጥር ላይ ነው፤ ለእያንዳንዱ ሥራ በሚከፈተው ቲኬት ቁጥር። ሬድማይን ላይ አስተዳዳሪው የሰዓት ምዝገባውን ከፍቶ፣ ያለ ተጨማሪ ቁልፍ ቃል ቁጥሩን ብቻ እንዲቀበል አስተካክሎት ከሆነ፣ ዴቨሎፐሩ ኮሚት ሲያደርግ መልእክቱን እንዲህ ይጽፋል፦

#214 @2:30 የደረሰኙ ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንዲወጣ ተስተካከለ

በቃ። ኮዱ ከቲኬት 214 ሥር ይታያል፣ 2 ሰዓት ከ30 ደቂቃውም በዚያው ቲኬት ላይ ይመዘገባል። ጂራ «ስማርት ኮሚት» በሚለው መንገድ ተመሳሳዩን ይሠራል። ጊትላብም በቲኬቱ አስተያየት መስጫ ላይ በአንድ አጭር ትእዛዝ የፈጀውን ጊዜ ይቀበላል። ቶግል ደግሞ በብራውዘሩ ማከያ በኩል ጂራና ጊትሀብ ገጽ ላይ የማስጀመሪያ ቁልፍ ያስቀምጣል። ዋናው ነገር መሣሪያው ሳይሆን ልማዱ ነው። የዕቁብ ጸሐፊ ገንዘቡ እጁ እንደገባ የከፋዩ ስም ላይ ምልክት ያደርጋል እንጂ ለወር መጨረሻ አያሳድርም፤ ቢያሳድር ዕቁቡ ይፈርሳል። የሥራ ሰዓትም እንደዚያው ትኩስ ትኩሱን መያዝ አለበት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ሦስቱን ያገናኙ አንዳንድ አለቆች ወዲያው «እንግዲያው ሰዓቱን ከኮሚቱ እናስላው» ይላሉ። ይህ ትልቅ በደል ነው። ኮሚት ሥራው ያለቀበትን ቅጽበት እንጂ ሥራውን አያሳይም። ሙሉ ቀን የሰው ኮድ አንብቦ፣ ችግሩን አግኝቶ፣ ማታ አንዲት መስመር ያስተካከለ ሰው ከሁሉም በላይ ሠርቶ ሊሆን ይችላል። ከደንበኛ ጋር የተደረገ ስብሰባ፣ ለአዲስ ልጅ ማስረዳት፣ የባንኩን ሲስተም መልስ መጠበቅ፣ እነዚህ ሁሉ ኮሚት የላቸውም። ስለዚህ ሰዓቱን የሚናገረው ሰውየው ይሁን፤ ማሽኑ ሰዓቱን ከሥራው ጋር ያስተሳስረው። የኮሚትን ብዛት የትጋት መለኪያ ያደረገ ቢሮ በወሩ ውስጥ የተቆራረሱ፣ ትርጉም የለሽ ኮሚቶች መሰብሰብ ይጀምራል።

አሁን ወደ እኛው አገር ችግር ልምጣ። መሣሪያዎቹ የሚነጋገሩት በአብዛኛው በዌብሁክ ነው። ኮድ ፑሽ ሲደረግ ጊትሀብ «ይህ ሆኗል» የሚል መልእክት ወደ እናንተ ሰርቨር ይልካል፣ ሰርቨሩም በ10 ሰከንድ ውስጥ መቀበሉን ማረጋገጥ አለበት። ሰርቨሩ ቢሮ ውስጥ ካለና በዚያች ደቂቃ መብራት ከሄደ መልእክቱ ይወድቃል። ጊትሀብ የወደቀ መልእክት በራሱ መልሶ አይልክም። ጄኔሬተሩ ተነስቶ ሁሉም ነገር ደህና ሲመስል የዚያ ሰዓት ሥራ ከመዝገቡ ጎድሎ ይቀራል፤ ማንም ሳያውቅ። መድኃኒቱ በየሌሊቱ የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም ነው፦ የቀኑን ኮሚቶች ከምንጩ ይጠይቃል፣ ከመዝገቡ ጋር ያመሳክራል፣ የጎደለውን ይሞላል። ያንኑ ኮሚት ሁለት ጊዜ እንዳይቆጥር መጠንቀቅ የሱ ሥራ ነው። በተለይ ሪቤዝ የተደረገ ኮሚት አዲስ መለያ ስለሚያገኝ አንዱ ሥራ እንደ ሁለት ሆኖ ይታያል። የውጭ አገር መመሪያዎች ይህን የማመሳከር ሥራ በአንድ መስመር ያልፉታል። እኛ ጋ ግን የግንኙነቱ ልብ እሱ ነው።

ከመብራት የባሰም አይተናል። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ለሳምንታት አልተመለሰም። በአማራ ክልልም ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ ጊት ይሠራል፤ ሙሉ ታሪኩ እያንዳንዱ ኮምፒውተር ላይ ስላለ ኮሚት ማድረግ አይከለከልም፣ ቀኑና ሰዓቱም አብሮ ይቀመጣል። በደመና ላይ ያለው ጂራና ቶግል ግን አይከፈትም። ስለዚህ የቲኬቱን ቁጥርና ሰዓቱን ኮሚት መልእክቱ ውስጥ የሚጽፍ ሰው መዝገቡን በኪሱ ይዞ ይቆያል። መስመሩ ሲመለስ አንድ ፑሽ ያደርጋል፣ የሳምንታቱ ሥራ ከነሰዓቱ ይገባል። ከሁሉም የማገናኛ ዘዴዎች ይህን የምመርጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ሰዓት አቆጣጠሩ ደግሞ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት የሠራ ልጅ በየዋህነት «8:00» እና «1:00» ብሎ ቢያስገባ ሶፍትዌሩ ወይ አልቀበልም ይላል፣ ወይ ከጠዋት እስከ ሌሊት ቆጥሮ 5 ሰዓቱን 17 ያደርገዋል። ከጠዋቱ 2:30 እስከ 11:30 ብሎ ሲያስገባ ይብሳል፤ ድምሩ ትክክል ስለሚሆን ማንም አይጠራጠርም፣ በመዝገቡ ላይ ግን ሰውየው ሌሊቱን ሲሠራ አድሮ በማግስቱ የተኛ ይመስላል። የኔ ፍርድ ግልጽ ነው፦ ሰውን ከስንት እስከ ስንት እንደሠራ አትጠይቁት፤ ስንት ሰዓት እንደፈጀበት ጠይቁት። 3 ሰዓት በየትኛውም አቆጣጠር 3 ሰዓት ነው።

ቀኑም እንዲሁ። ደንበኛው ከጁላይ 1 እስከ 31 ኢንቮይስ ይፈልጋል። ይህ ለእኛ ከሰኔ 24 እስከ ሐምሌ 24 ነው፤ የበጀት ዓመታችን ደግሞ ሰኔ 30 ይዘጋል። አንዱ ኢንቮይስ ሁለት የበጀት ዓመት ይረግጣል ማለት ነው። ጳጉሜን ሲመጣ ደግሞ 5 ወይም 6 ቀን ያላት ወር በብዙዎቹ ሶፍትዌሮች ቦታ የላትም። ሰዓቱ ከቲኬቱ ጋር በየቀኑ ተመዝግቦ ከሆነ ሒሳብ ክፍል በፈለገችው አቆጣጠር ትቆርጠዋለች። በወር ድምር ብቻ ከመጣላት ግን መቁረጫ የላትም። ይህን ችግር ለዓመታት ስትሸከም የኖረችው እሷ ናት፣ ዴቨሎፐሮች አናስተውለውም።

ስለ ዋጋ በአጭሩ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አልፏል። በሰው ቁጥር በዶላር የሚከፈል ሶፍትዌር በአንድ ክረምት ዋጋው እጥፍ ሆነ። ሬድማይን፣ የጊትላብ ነፃ እትም፣ ኪማይ በራስ ሰርቨር ላይ ያለ ክፍያ ይተከላሉ። ጥገናው የሰው ጉልበት ይጠይቃል፣ ያ ጉልበት ግን እዚሁ አለን።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ መዝገቡ ወደ ሰላይነት እንዳይለወጥ ነው። የሥራ ማገናኛ በሆነው አፕወርክ ላይ በሰዓት የሠሩ ልጆች በየ10 ደቂቃው የስክሪናቸው ፎቶ ሲነሳ መሥራት ምን እንደሚመስል ያውቃሉ። ያንን መንፈስ ወደ ራሳችን ቢሮ ማስገባት የለብንም። መዝገቡ ለሠራተኛውም መብት መቆም አለበት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የትርፍ ሰዓት ሥራ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል። ክፍያውም እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ድረስ 1.5፣ ከዚያ እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75፣ በዕረፍት ቀን 2፣ በሕዝብ በዓል 2.5 እጥፍ ነው። ዴድላይን ደርሶ እስከ እኩለ ሌሊት የሚቆይ ልጅ፣ ከዚያ በኋላ ወደ ጀሞ የሚወስደው ታክሲ የሚያጣ ልጅ፣ ይህን ክፍያ ሲጠይቅ ማስረጃው ምንድን ነው? በቲኬት የታሰረ ሰዓት በእጁ ካለ አፉን ሞልቶ ይናገራል። መዝገቡን አለቃው ብቻ የሚያየው ከሆነ ግን ግማሹ ጥቅም ጠፍቷል፤ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ሰዓት በማንኛውም ጊዜ ማየት መቻል አለበት።

ሥራን ከኮድ ጋር ማሰር ምን እንደሚመስል ማየት የሚፈልግ ሰው ሩቅ መሄድ የለበትም። የጤና ሚኒስቴር በመላ አገሪቱ የሚጠቀምበትን የጤና መረጃ ሥርዓት፣ ዲኤችአይኤስ 2ን ይመልከት። የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመራው ይህ ሶፍትዌር ኮዱ ጊትሀብ ላይ ክፍት ነው። የለውጦቹ ርዕስ የጂራ ቁጥር ይዞ ስለሚመጣ አንድ መስመር ለምን እንደተጻፈ ወደ ኋላ ሄዶ መጠየቅ ይቻላል። የኢትዮጵያን የቀን አቆጣጠርም ይደግፋል።

እንግዲህ ልመናዬ ይህ ነው። ቡድን የምትመሩ፣ ከነገ ጀምሮ በአንድ ፕሮጀክት ላይ ብቻ ሞክሩት፦ ያለ ቲኬት ቁጥር የመጣ ኮሚት መርጅ አይደረግ። ከሒሳብ ክፍል ጋር ተቀምጣችሁ ቁጥሩን በየትኛው ወር ቆርጣ እንደምትፈልገው ጠይቋት። የኢትዮጵያን ቀንና ሰዓት ከነዚህ መሣሪያዎች ጋር የሚያስታርቅ ነገር ጽፋችሁ በቢሯችሁ ኮምፒውተር ላይ የደበቃችሁም አላችሁ፤ ክፍት አድርጋችሁ አውጡት፣ አገናኙን ከዚህ ሥር ለጥፉት። ጊዜ አውጥቼ እሞክረዋለሁ፣ ያገኘሁትንም ስህተት ከነቲኬቱ እጽፍላችኋለሁ።