የእጅ ስሕተት

የድጓ መምህር መጽሐፉን የሚያነበው በዓይኑ ብቻ አይደለም፤ ዓይኑ ምልክቱን ሲያይ ጆሮው ከመምህሩ የሰማውን ያስታውሳል፤ ሁለቱ በተስማሙ ጊዜ ጉሮሮው ይከፈታል። ምልክት የሚባሉት ከቃሉ በላይ በደቂቅ የሚጻፉት ፊደላት ሲሆኑ፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን (ከ1533 እስከ 1551 ዓ.ም.) አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደ ደረሷቸው ይነገራል። ከዚያ በፊት የቅዱስ ያሬድ ዜማ ከአፍ ወደ ጆሮ ሲተላለፍ ኖረ። ምልክቱ ከመጣ በኋላ ዜማው ሁለት ጠባቂ አገኘ፤ ሁለት ጠባቂ ባለበት ቤት ደግሞ አንዱ ሌላውን ተማምኖ የሚተኛበት ሌሊት አይጠፋም።

በጎጃም ገጠር የሚኖሩ አንድ መሪጌታ አሉ። በወጣትነታቸው ለምድ ለብሰው፣ አኮፋዳ አንግተው፣ ዓባይን ተሻግረው በጋይንት ቤተ ልሔም ድጓ አስመስክረዋል። ድጓቸውንም በገዛ እጃቸው በብራና ጽፈዋል። ዛሬ ዕድሜያቸው ገፍቶ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል። በማኅሌት ግን ጉድለት አልታየባቸውም፤ ዜማው በልባቸው ነውና።

የልደት በዓል ሲቃረብ፣ በከተማ አስተማሪ የሆነች ልጃቸው ልትጠይቃቸው መጣች። በሕፃንነቷ ዳዊት ደግማለች፤ ዜማን ግን ማንም ሊያስተምራት አላሰበም። ማታ ማታ ድጓውን በአትሮንስ ላይ ዘርግታ ቃሉንም፣ በላዩ ያሉትንም ደቂቅ ፊደላት ታነብላቸው ጀመር። በአንድ ስፍራ ላይ አስቆሟት።

«አይደለም ልጄ፤ ተመልሰሽ እዪ።»

«አባቴ፣ የተጻፈው ይህ ነው።»

ሦስት ጊዜ መለሷት፤ ሦስት ጊዜ ያንኑ አነበበች። በመጨረሻ እጃቸውን ዘርግተው ብራናውን ዳሰሱት። ከሌላው ወፈር ይላል፤ ስፌቱም የተለየ ነው። ያን ጊዜ ትዝ አላቸው። ይህ ቅጠል በቤተ ልሔም አልተጻፈም። ልጅቱ በተወለደችበት ዓመት ክረምት ጣራው አፍስሶ የቀደመውን ስላጠበው በቃላቸው መልሰው የጻፉት ነበር፤ የመምህር ዓይንም አላየውም።

«ያን ሌሊት እንቅልፍ የነሣሽኝ አንቺ ነሽ» አሏት።

ባለቤታቸው ከጓዳ ሆነው፣ «እርሷ ስታለቅስ የተነሣሁት እኔ ነኝ፤ እርስዎማ ብዕሩን እንደ ያዙ ተኝተው ነበር» አሉ።

ተሳሳቁ፤ ወዲያው ግን መሪጌታው ዝም አሉ። ከዚያ መጽሐፍ የገለበጠ አንድ ደቀ መዝሙር እንዳላቸው፣ እርሱም በሩቅ አገር መምህር እንደ ሆነ አስበው ነበር። ሦስት ቀን ነገሩን አላነሡትም። ኃጢአቱን ለንስሓ አባቱ ከመናገር ይልቅ የምልክት ስሕተቱን ለደቀ መዝሙሩ መናገር የሚከብደው መሪጌታ ጥቂት አይደለም፤ ኃጢአት የሰው ሁሉ ነው፣ ምስክርነት ግን ለጥቂቶች የተሰጠ ነውና።

በአራተኛው ቀን ልጃቸውን ስልክ አስደወሏት። ያም ሰው ሰምቶ ጥቂት ቆየና እንዲህ አለ፦ «የኔታ፣ ከእርስዎ ዘንድ ሳለሁ እርስዎ እንደሚሉት እል ነበር። ከተለየሁ በኋላ ግን ልቤ ሲጠራጠር መጽሐፉን አመንሁ፤ የእርስዎ እጅ ነውና። ልጆቹም እንደዚያው ይሉታል።»

«ስንት ናቸው?»

«ስምንት።»

መሪጌታው ጋቢያቸውን አደላድለው በስልኩ ውስጥ ያችን ቃል አዜሟት። ከወዲያ ማዶ ሰውየው ተቀበላቸው። ደገሟት፤ በሦስተኛው የሕፃናት ድምፅ ተጨመረበት፤ አንዱ ብቻ የቀድሞውን ይዞ ወደ ኋላ ቀረና መምህሩ ሲገሥጸው ተሰማ። መሪጌታውም፣ «ተወው፤ እርሱ የእኔን ነው የሚለው» አሉ።

በዚያው ማታ ልጃቸው ስለታም ካራ ይዛ የብራናውን ጽሕፈት መፋቅ ጀመረች። እሳቸው አጠገቧ ተቀምጠው የካራውን ድምፅ ያዳምጡ ነበር።

«እንዳይበሳ» አሉ።

«ሳሳ እንጂ አልተበሳም።»

መቃውን ቀለም አስነክታ የነገሯትን ሁለት ፊደላት ጻፈች፤ ከአባቷ ጽሕፈት ጎን ሲታዩ ትንሽ ጎበጥ ያሉ ነበሩ። ከዚያ መቃውን ሳታስቀምጥ፣ «አባቴ፣ ዜማው እንዴት ነው?» አለች። መሪጌታው ጉሮሮአቸውን ጠረጉ።