ጎንበስ ያለ ሁሉ

እኛ ዘንድ የትሑት ሰው መልክ የታወቀ ነው። ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ አንገቱን ይደፋል፤ ነጠላውን አደግድጎ ይቆማል፤ ተቀመጥ ሲባል ወንበሩ ጫፍ ላይ ይንጠለጠላል። ይህን ሁሉ ከወንጌል የወሰድነው ይመስለናል። ዘሩ ቢቆጠር ግን ግማሹ የሚወጣው ከቤተ መንግሥት ደጃፍ ነው ባይ ነኝ። ደጅ ጥናቱም፣ እጅ መንሣቱም፣ ማደግደጉም ጌታው ፊት የቀረበ ሎሌ ሥርዓት ነበር። ጉልትና ሹመት ከአንድ ሰው አፍ በሚጠበቅበት ዘመን አንገት መድፋት ብልሃት እንጂ ጽድቅ አልነበረም። ያው ሎሌ ማታ ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ፊት ምን ያህል እንደሚያጎነብስ መገመት አያቅትም።

የወንጌሉ ዝቅታ መንገዱ ሌላ ነው። በጥንቱ ልማድ የእንግዳ እግር የሚያጥበው የቤቱ ልጅ ወይም አሽከር፣ ማለትም ታናሽ ለታላቅ ነበር። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ላይ ግን ጎንበስ ያለው መምህሩ ኢየሱስ ነው፤ ጴጥሮስን ያስደነገጠውም ይኸው ነው። ቤተ ክርስቲያን ነገሩን በየዓመቱ ጸሎተ ሐሙስ ላይ ትደግመዋለች፤ ዓመቱን ሙሉ መስቀል የሚያሳልሙት አባት ጨርቅ ታጥቀው የምእመኑን እግር በወይራና በወይን ቅጠል ያጥባሉ። በማግሥቱ ሁሉም ወደ ማዕረጉ ይመለስ የለም ወይ? ይመለሳል። ሥርዓቱ ግን ባለማዕረጉን የሚከስ ምስክር ሆኖ ይቀመጣል፤ ከሳሽ የሌለው ትዕቢት ደግሞ ይከፋል። ታዲያ ትሕትና የባለሥልጣን ብቻ ከሆነ ድኻው ምን ሊሆን ነው? የሚል ይኖራል። ድኻም ቢሆን ከልጁ በላይ ነው፤ ከእሱ ከባሰው ለማኝም በላይ ነው፤ የሚወርድበት ደረጃ አያጣም።

ለወሎ ሰው ይህ የሁለቱ ዝቅታ ልዩነት የሩቅ ወሬ አይደለም። በ1870 ዓ.ም. ከደሴ ጥቂት ራቅ ብሎ ቦሩ ሜዳ ላይ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ጉባኤ ጠርተው የካህናቱን የሃይማኖት ክርክር ዘጉ፤ የወሎ ሙስሊምም እንዲጠመቅ ታዘዘ። የወሎው ኢማም መሐመድ አሊ ንጉሠ ነገሥቱን የክርስትና አባት አድርገው ሚካኤል ተባሉ፤ ኋላ ራስ፣ በ1906 ዓ.ም. ደግሞ ንጉሥ ሆኑ። በዚያ ዘመን አንገት የሚደፋ አልጠፋም፤ ወደ ታች የወረደ ኃያል ግን አይታየኝም። ዐፄው የአገር አንድነት አስበው ነው የሚል ሙግት አለ። ይሁን፤ ለመንግሥት ምክንያት ይሆናል፣ እግር ለሚያጥብ ሃይማኖት ግን አይሆንም።

ወደ ታች የወረደ ጌታ የማገኘው ሌላ ዘንድ ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ከሚሴ ሲወረድ የምትገኘው ሐርቡ ሙስሊሙ የሚበዛባት የቃሉ ወረዳ ከተማ ናት። እዚያ ክርስቲያኑ በቁጥር አናሳ ነውና ዝቅ ቢል ብልሃት ነው ማለት ይቻላል። በገዛ ግቢው ሲደግስ ግን ጌታው እሱ ነው፤ መለኪያውም እዚያ ነው። በወሎ ልማድ ለሙስሊም እንግዶቹ የሚሆነውን ሰንጋ ራሱ አያርድም፤ ቢላዋውን ለሙስሊም ጎረቤቱ ያስረክባል። ጎረቤቱ ቢስሚላህ ብሎ ያርዳል፤ ድስቱ፣ ጭልፋው፣ ምድጃው ይለያል፤ ደጋሹ ከሰንጋው ዋጋ በቀር በነገሩ እጁን አያስገባም። ይህ መቻቻል እንጂ ትሕትና አይደለም ለሚለኝ፣ በራሱ ደጅ፣ በራሱ ገንዘብ የሌላውን ሥርዓት ከራሱ ያስቀደመ ሰው ሌላ ምን ይባላል ብዬ እጠይቀዋለሁ። ሙስሊሙም ሲደግስ ለክርስቲያን እንግዶቹ በስመ አብ ብሎ የሚያርድ ጎረቤት ያስጠራል።