ነውሯን እያወቅን ነዳናት

ዛሬ የምናጫውታችሁ ስለ አንዲት መኪና ነው። መኪና የሌላችሁ "ይህስ እኛን አይመለከትም" ብላችሁ ገጹን እንዳትገልጡት አደራ፤ ላም የገዛ፣ ስልክ የገዛ፣ ነገ ለእህቱ የልብስ ስፌት መኪና የሚገዛ ሁሉ ከእኛ ስሕተት የሚያተርፈው አይጠፋም።

እኛ በወላይታ ሶዶ ተወልደን ያደግን ሦስት ወንድማማቾች ነን። ታላቃችን የጨርቅ ነጋዴ፣ ታናሻችን ሾፌር ሲሆን ይህን የሚጽፈው መካከለኛው ደግሞ ቀን በመንግሥት ትምህርት ቤት ፊዚክስ፣ ማታ በመድረሳ ሕፃናትን የሚያስተምር ነው። አባታችን ወደ አኺራ ከሄዱ ወዲህ እናታችን ለሐጅ ይቆጥባሉ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲመራ ተደርጎ ብር በአንድ ጊዜ ሲወርድ፣ የእናታችን ቁጠባ ሐጁን ከሩቅ የሚያይ ሆነ። ያን ጊዜ ነው ታላቃችን "ገንዘቡ ተቀምጦ ከሚያልቅ የእኛንም ጨምረን መኪና እንግዛበት፤ በኮንትራት ትሥራና በሁለት ዓመት እማማን ሐጅ እንላክ" ያለው። ምክሩ ክፉ አልነበረም።

በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከጥር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ስለ ተከለከለ ገበያው ፊቱን ወደ ኤሌክትሪክ መኪና አዙሮ ነበር። በሶዶም ነዳጅ ለማግኘት ወረፋ ስንጠብቅ ያደርንባቸው ሌሊቶች ስለ ነበሩ እኛም ልባችን ወደዚያው አዘነበለ። በነሐሴ መጨረሻ አዲስ አበባ ወጣን። አንድ ዘመዳችን ያስተዋወቀን ነጋዴ በቻይና የተሠራች፣ ምንም ያልተነዳች መኪና አሳየን። ዙህርን አብረን ሰገድን፤ ምሳ ጋበዘን፤ ውሉን ሳናነብ ፈረምን ማለት ይቻላል። ከማስታወቂያው ላይ ያነበብነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አንድ ጊዜ ተሞልታ 430 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች የሚለውን።

ሶዶ ከአዲስ አበባ በቡታጅራና በሆሳዕና በኩል ሲኬድ ከ300 ኪሎ ሜትር ብዙም አይርቅምና "ሳንሞላ ቤታችን እንገባለን" ብለን ተነሣን። ሆሳዕና ስንደርስ ግን ባትሪው ሊያልቅ ምንም አልቀረውም። አንድ ሆቴል ለምነን ከግድግዳ ሶኬት ላይ ሰካናት። ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ መሙላቷን አቆመችና በመስታወቷ ላይ ቀይ የቻይና ጽሕፈት አወጣች። ነቅለን ሰካን፤ እንደገና አቆመች። ታናሻችን በየግማሽ ሰዓቱ እየተነሣ ሲነቅልና ሲሰካ አደረ። ነውሯን ያወቅነው እንግዲህ በዚያች በመጀመሪያዋ ሌሊት ነው። ይህችን ሌሊት አስታውሱልን።

ሶዶ ከገባን በኋላ ሁለተኛው መጣ። የጊፋታ ሰሞን ወደ አርባ ምንጭ የሚሄዱ እንግዶች ተኮናትረውን በንጋት ብንወጣ በሩ አልከፈትም፣ መብራቱም አልበራም አለ። ትልቁ ባትሪ ግን ሙሉ ነበር። ምክንያቱን ኋላ ነው የተረዳነው። እንዲህ ባለ መኪና ውስጥ ጎማውን የሚያዞረው ትልቁ ባትሪ ሲሆን በሩን፣ መብራቱንና ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅሰው እንደ ማንኛውም መኪና ባለ 12 ቮልት ትንሽ ባትሪ ነው። ትንሹ ከሞተ ትልቁን የሚያገናኘው ማብሪያ አይዘጋም፤ ስለዚህ ሙሉ ጎተራ ይዛችሁ ቁልፉ ጠፋባችሁ ማለት ነው። ከሌላ መኪና ባትሪ በገመድ ቢያስነሡት ይነሣል። የፊዚክስ መምህር ይህን ሳያውቅ ቀርቶ እንግዶቹ በሌላ መኪና ሄዱ፤ ተማሪዎቻችን ባይሰሙ ደስ ይለናል።

ለነጋዴው ስልክ ደወልን። "አብሽሩ ወንድሞቼ፤ ነገ ባለሙያ እልክላችኋለሁ" አለን። ባለሙያው አልመጣም። በሳምንቱ ደወልን፤ አሁንም "አብሽሩ" አለን። ታላቃችን "ሰላምታችን እንዳይበላሽ፤ አብረን ሰግደን አብረን የበላን ሰው ነው፤ ዘመዳችንንም እናሳፍራለን" እያለ አቆየን፤ እኛም ከሥራ እንዳንፈታ ሌሊቱን እየነቀልን እየሰካን ቀን ቀን እንነዳት ነበር። እንዲህ እያልን ሁለት ወር ከምናምን ሄደ።

በኅዳር ወር ቂርአት ያስቀሩንን ሸኻችንን ልንጠይቅ ሄድን። ነገሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስናስረዳ ዝም ብለው ሰሙና "ልጆቼ፣ ነውሯን ካወቃችሁ በኋላ ነድታችኋታል?" አሉን። "አዎን" አልን። ራሳቸውን ነቀነቁ። በማግሥቱ በትምህርት ቤታችን የሥነ ዜጋ መምህር የሆነውን፣ ሕግ ያጠናውን ባልደረባችንን ጠየቅነው። እርሱ የፕሮቴስታንት እምነት ተከታይ ነው፤ ሸኻችንን አያውቃቸውም። የመጀመሪያ ጥያቄው "ጉድለቷን እንዳወቃችሁ በጽሑፍ አሳውቃችሁታል?" የሚል ነበር። "በስልክ ነግረነዋል" አልን። እርሱም ራሱን ነቀነቀ።

ሸኻችን የጠየቁንን ነገር በልጅነታችን ተምረነው ነበር። በሻፊዒያ መዝሀብ ጀማሪ ደረሳ ሁሉ በሚቀራው በአቡ ሹጃዕ ኪታብ ውስጥ የተሸጠው ነገር ነውር ከተገኘበት ገዢው የመመለስ መብት እንዳለው አለ፤ ይህም ኺያሩል ዐይብ ይባላል። ነገር ግን ዑለማዎቹ መመለሱ ሳይዘገይ እንዲሆን ይጠይቃሉ፤ ነውሩን አውቆ የተጠቀመበት ሰው ወዶ እንደ ተቀበለው ይቆጠራል። እንስሳ ገዝቶ ነውሩን ካወቀ በኋላ የጋለበበት መብቱን ያጣል፤ እንስሳው አልጎተትም፣ አልነዳም ብሎ ሊመልሰው ብቻ ከሆነ የጋለበው ግን ይቅር ይባላል። ይህን ስንቀራ ሁልጊዜ ፈረስና በቅሎ ብቻ ይታየን ነበር። እኛ ግን ስንጋልብ የከረምነው ልንመልሳት ሳይሆን ወደ አርባ ምንጭና ወደ ቦዲቲ ነው።

ባልደረባችን ያስረዳንም ከዚህ ብዙ አልራቀም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 2287 ጀምሮ፣ ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ዋስ እንደሆነ ይናገራል። ገዢውም ዕቃውን በተመቸው ጊዜ ወዲያው ሊመረምር፣ ጉድለት ካገኘም ምን ዓይነት እንደሆነ ገልጾ ሳይዘገይ ለሻጩ ሊያስታውቅ ይገባዋል። ካስታወቀ በኋላ መብቱን በአንድ ዓመት ውስጥ ካልጠየቀ ያጣዋል፤ ሻጩ ሆን ብሎ ያሳሳተው እንደሆነ ግን ሌላ ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ደግሞ የበለጠ ፈጣን መንገድ ሰጥቶ ነበር፤ ሸማቹ ጉድለት ያገኘበትን ዕቃ በገዛ በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል ብሎ ደነገገ። ዐሥራ አምስት ቀን! እኛ በዐሥራ አምስተኛው ቀን "አብሽሩ" የሚለውን ቃል ይዘን ተኝተናል። ከዚህም ሌላ አዋጁ ሸማች የሚለው ለራሱና ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛውን ስለሆነ፣ መኪናዋን ለኮንትራት ሥራ በማዋላችን ነጋዴው "እናንተ ሸማች አይደላችሁም" ብሎ ሊከራከርበት እንደሚችል ባልደረባችን አስጠነቀቀን።

አንድ ሌላ ነገርም ነገረን፤ ይህኛው በክፍለ ሀገር ለሚኖር ገዢ ሁሉ የሚጠቅም ነው። የውል ክስ የሚቀርበው ተከሳሹ በሚኖርበት ወይም በሚሠራበት፣ አለዚያም ውሉ በተደረገበት ወይም በሚፈጸምበት ቦታ ባለ ፍርድ ቤት ነው። በውላችን ላይ "ርክክቡ ወላይታ ሶዶ ይሆናል" የሚል አንድ መስመር አስገብተን ቢሆን ኖሮ በቤታችን ደጃፍ ለመክሰስ በቂ ምክንያት ይኖረን ነበር። ያለ እርሷ ግን መንገዱ ሁሉ ወደ አዲስ አበባ ነው።

በዚያው ሳምንት መኪናዋን አቆምናት። መስታወቷ ላይ የሚወጣውን ጽሕፈት ከነቀኑ በስልክ ቀረጽን፤ የመኪና ኤሌክትሪክ የሚያስተምር ባለሙያ መርምሮ ጉድለቱ ከግድግዳ የሚገባውን ኤሌክትሪክ ለባትሪው ከሚለውጠው ዕቃ መሆኑን ጽፎ ፈረመልን፤ ከዚያም የጉድለቷን ዝርዝር ጽፈን፣ "ወይ ለውጥልን፣ ወይ አሠራልን፣ ወይ ውሉ ፈርሶ ገንዘባችን ይመለስ" ብለን በአደራ ደብዳቤ ላክን።

መልስ ስንጠብቅ ስለ መኪና ነውር ማንበብ ጀመርን። አሜሪካውያን ነውረኛ ሆና የተገኘችን አዲስ መኪና "ሎሚ" ይሏታል፤ ኮኔክቲከት የተባለው ግዛታቸው በ1974 ዓ.ም. ደጋግማ ተጠግና ያልዳነችውን ፋብሪካው እንዲለውጥ ወይም ገንዘብ እንዲመልስ የሚያስገድድ ሕግ አወጣ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። የጃፓኑ ታካታ የሠራው ኤርባግ ደግሞ በውስጡ ያለው አሞኒየም ናይትሬት ሙቀትና እርጥበት ሲበዛበት እየተበላሸ፣ ኤርባጉ ሲፈነዳ የብረት ስባሪ በተሳፋሪ ላይ የሚረጭ ሆኖ ተገኘ። በዓለም ዙሪያ በብዙ ዐሥር ሚሊዮን የሚቆጠሩ መኪኖች ለጥገና ተጠሩ፤ ኩባንያው በሰኔ 2009 ዓ.ም. መክሰሩን አስታወቀ። እንዲህ ያለው ጥሪ የሚደርሰው በሻጩ መዝገብ ላይ ላለ ባለቤት ነው። በሦስተኛ አገር ዞራ እኛ ዘንድ የደረሰች መኪና ግን ደብዳቤው ኋላዋ አይከተላትም፤ ባለቤቷ ራሱ የሻንሲ ቁጥሯን ይዞ ማጣራት አለበት።

የ430 ኪሎ ሜትሩን ነገር ሸኻችን በሚገባ ፈቱልን። ቁጥሩ የቻይናው መለኪያ ነው፤ መለኪያው በዝግታና ባልከፋ አየር የሚደረግ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ በአገር አቋራጭ መንገድ ከሚገኘው ይበልጣል። ይህን ስንነግራቸው ሳቁና "ሙሰራት ናታ!" አሉ። ሙሰራት ማለት ለገበያ ስትቀርብ ጡቷ ሞልቶ እንዲታይ ቀናት ሳትታለብ የቆየች እንስሳ ናት። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ይህን ከልክለዋል፤ ለተታለለውም ገዢ ሦስት ቀን ምርጫ ሰጥተዋል፤ ይይዛታል ወይም ከአንድ ቁና ቴምር ጋር ይመልሳታል። ለነገሩ ነጋዴው ቁጥሩን ራሱ አልፈጠረውም፤ እኛም አልጠየቅነውም።

የደብዳቤያችን መልስ መጣ። "በውሉ ላይ ገዢ መኪናዋን አይቶና ወዶ ተረክቧል ይላል" የሚል ነበር። እውነት ነው፤ ይላል፤ ፊርማችንም ከሥሩ አለ። ባልደረባችን ግን ሻጭ ነውሩን አውቆ በተንኮል ከደበቀ እንዲህ ያለው ቃል በሕጉ ዋጋ እንደሌለው ነገረን። ሸኻችን ደግሞ የኢብኑ ዑመርን (ረ.ዐ.) ታሪክ አስታወሱን። ከነውር ሁሉ ነጻ ነኝ ብሎ አንድ ባሪያ በስምንት መቶ ዲርሀም ሸጠ፤ ገዢው በሽታ አገኘበትና ከሊፋው ዑሥማን (ረ.ዐ.) ዘንድ ተካሰሱ። ዑሥማን "ሲሸጥ በሽታውን እንደማያውቅ ይማል" ብሎ ፈረደ። ኢብኑ ዑመር መማልን እንቢ ብሎ ባሪያውን መልሶ ወሰደ።

በጥር ወር ታላቃችንና ዘመዳችን አዲስ አበባ በሽምግልና ተቀመጡ። አንድ ሽማግሌ ነጋዴውን "ልጄ፣ መሙላት እንደምታቋርጥ አላውቅም ነበር ብለህ ትምላለህ?" አሉት። ቡናው እስኪቀዳ ድረስ ዝም አለ። ለምን ዝም እንዳለ አላህ ያውቃል። ከዚያ "ዕቃውን በራሴ ወጪ አስመጥቼ እቀይራለሁ" አለ፤ ቀየረም። የትንሿ ባትሪ፣ የመጓጓዣውና ያለ ሥራ የቆመችባቸው ሳምንታት ኪሳራ የእኛ ሆነ። ፍርድ ቤት ብንሄድ የበለጠ እናገኝ ነበር ወይ ተብለን ብንጠየቅ፣ ሁለት ወር የነዳናት መኪና ይዘን ለመሞከር ልብ አልነበረንም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ነው እስከ ዛሬ የሚከነክነን። ከቦዲቲ አንድ ሰው መኪናዋን ሊገዛ መጣ። ዋጋው ጥሩ ነበር፤ ኪሳራችንን ሸፍኖ የእናታችንን ገንዘብ ከነትርፉ ይመልስ ነበር። ታላቃችን "ተጠግናለች እኮ፤ የዳነ ቁስል ምን ይነገራል? ስለ 430ውም ካልጠየቀ ዝም እንበል" አለ። ታናሻችን ተስማማ። እውነቱን ለመናገር ይህን የሚጽፈውም፣ ኺያሩል ዐይብን ለሕፃናት የሚያቀራው፣ ተስማማ። እናታችን ከጓዳ ሆነው ሲሰሙ ኖረው ብቅ አሉና "በዚህ ገንዘብ ነው እኔን ካዕባ የምትልኩኝ?" ብለው ተመልሰው ገቡ።

ሰውዬው ሲመጣ ከተማሪ ደብተር ላይ ወረቀት ቀደን በየትኛው ወር ምን እንደ ተበላሸ፣ ምን እንደ ተቀየረ፣ በእኛ አነዳድ ስንት ኪሎ ሜትር እንደምትሄድ ጽፈን ሰጠነው። ሁለት ጊዜ አነበበው፤ "እስቲ ልመካከር" ብሎ ሄደ። እንደማይመለስ ቆጥረን ነበር። በሳምንቱ መጣና ከቀድሞው ዋጋ ቀንሶ ገዛት፤ ወረቀቱንም ከውሉ ጋር እንድናያይዘው ጠየቀ፤ ሁላችንም ፈረምንበት። ሲወጣ የአዲስ አበባውን ነጋዴ ስልክ ለመነን፤ ሰጠነው።

የእናታችን ገንዘብ ከነበረበት ትንሽ ጎድሎ ተመልሶ ባንክ ገብቷል። እርሳቸውም አሁን በየወሩ ከጡረታቸው ላይ ይጨምሩበታል።