አሉታ ሲመጣ ረዳት ግሥ ምን ይሆናል?

በእንግሊዝኛ ሰዋስው ትምህርት ውስጥ «ረዳት ግሥ» የሚለው ስያሜ ሁልጊዜ ይከነክነኛል። ረዳት ሲባል፣ ዋናው ብቻውን ቢችል ኖሮ የማያስፈልግ ነገር ይመስላል። የእንግሊዝኛው ረዳት ግን እንዲህ አይደለም። ዓረፍተ ነገሩ ሲካድ፣ ሲጠየቅ ወይም አጽንዖት ሲሰጠው ሥራው ሁሉ የሚወድቀው በእርሱ ላይ ነው። ለአጭር መልስ እንኳ «ይስ፣ አይ ሃቭ» ሲባል ዋናው ግሥ ቀርቶ ረዳቱ ብቻውን ይበቃል። ኖአም ቾምስኪ እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተመው «ሲንታክቲክ ስትራክቸርስ» እነዚህን ግሦች ለንድፈ ሐሳቡ ዐቢይ ማሳያ ያደረጋቸው ያለ ምክንያት አልነበረም።

ከሁሉም የሚያስገርመው «ዱ» ነው፤ በረዳትነቱ የራሱ የሆነ ትርጉም የለውም። በአዎንታ «ሺ ኖውስ» ይባላል፤ በአሉታ ግን «ሺ ደዝ ኖት ኖው» ለማለት «ዱ» ከውጭ ይጠራል፣ የጊዜውንና የባለቤቱን ምልክት ይረከባል፣ ዋናው ግሥም ያለ ምንም ምልክት ይቀራል። ይህ ሥርዐት እንደሚመስለው ጥንታዊ አይደለም። በሼክስፒር ዘመን «አይ ኖው ኖት»ም «አይ ዱ ኖት ኖው»ም ማለት ይቻል ነበር። ስዊድናዊው አልቫር ኤሌጎርድ እ.ኤ.አ. በ1953 ባሳተመው ጥናት «ዱ» በአሉታና በጥያቄ ውስጥ እንዴት እየተስፋፋ እንደ ሄደ፣ በተራው አዎንታ ውስጥ ግን አድጎ እንዴት መልሶ እንደ ከሰመ በቁጥር አሳይቷል።

አሁን ወደ አማርኛ እንመለስ። «ይመጣል» የሚለው ቃል በውስጡ «አለ»ን የያዘ ጥምር ግሥ ነው። ጥምረቱን በግልጽ የሚያሳየው «ይነግረኛል» ነው፤ «ኝ» የገባው በ«ይነግር» እና በ«አል» መካከል ነውና። አሉታ ሲመጣ ግን «አል» ይሰናበታል፦ «አይመጣም»፣ «አይነግረኝም»። «መጥቷል»ም እንዲሁ «አልመጣም» ይሆናል። እንግሊዝኛ ለመካድ ረዳት ሲጠራ አማርኛ ያለውን ረዳት ያሰናብታል ማለት ነው።

በእንግሊዝኛ ጽሕፈት የምረዳቸው አማርኛ ተናጋሪ ተማሪዎች «ሂ ዲድ ኖት ዌንት» ብለው ሲጽፉ ከዚህ ጋር የሚያያዝ ይመስለኛል። በ«አልሄደም» ውስጥ ያለፈውን ጊዜ የተሸከመው «ሄደ» ራሱ ነው፤ ተማሪው ጊዜውን ከዋናው ግሥ ላይ ለማንሣት ምክንያት አይታየውም። እርግጥ ነው፣ ይህ ስሕተት እንግሊዝኛን አፍ በሚፈቱ ሕፃናት ዘንድም ስለሚታይ ሁሉንም በአማርኛ ማሳበብ አይገባም።

ሁለተኛው ጉዳይ ግን የአማርኛ ነው ብዬ እሟገታለሁ፤ ለተመራማሪም ይበልጥ የሚያሳስበው እርሱ ነው። በአዎንታ «አጠኑት» እና «አጥንተውታል» ይለያያሉ፤ ለሁለቱም ያለው አሉታ ግን «አላጠኑትም» ብቻ ነው። እንግሊዝኛው «ዋዝ ኖት ስተዲድ» እና «ሃዝ ኖት ቢን ስተዲድ» ብሎ ይለያል። የመጀመሪያው አንድ በተዘጋ ጊዜ ያልተደረገን ነገር ይናገራል። ሁለተኛው ጉዳዩ እስከ ዛሬ ድረስ ክፍት መሆኑን ይናገራል። የጥናት ክፍተት የምንለው ነገር በእንግሊዝኛ የሚቆመው ብዙውን ጊዜ በዚህች «ሃዝ» ላይ ነው። በበርካታ የትምህርት ክፍሎቻችን የመመረቂያ ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ስለሚቀርብ፣ አማርኛ በልቡ ያሰበ ጸሐፊ «ዋዝ»ን ሲመርጥ ክፍተቱን ሳያውቀው ይዘጋዋል። ገምጋሚው ሰዋስውን አርሞ ቢያልፍ መልካም፤ ብዙ ጊዜ ግን ተማሪው የሚጠየቀው «ታዲያ ክፍተቱ የት አለ?» ተብሎ ነው።

ከአማርኛ የሚመጣው ሁሉ እንቅፋት ነው ማለቴ አይደለም። «ነው» ከ«አለ» የተለየ ጠባይ አለው፤ «እየጻፈ ነው» ሲካድ «እየጻፈ አይደለም» ይሆናል። አሉታውን የሚሸከመው እንደ እንግሊዝኛው «ኢዝ ኖት ራይቲንግ» ረዳቱ ራሱ ነው። ባየኋቸው ረቂቆች ውስጥ እዚህ ቦታ ላይ ስሕተት እምብዛም አልገጠመኝም። በመማሪያ መጻሕፍት የረዳት ግሦችን ዝርዝር አስቀድሞ ከማስጠናት ይልቅ ሁለቱ ቋንቋዎች በአሉታ የሚገናኙበትንና የሚለያዩበትን ቦታ ማሳየት ይሻላል የምለው ስለዚህ ነው።

በበኩሌ ተማሪዎቹን ዓረፍተ ነገሩን በአማርኛ አስበው «እስካሁን»ን እንዲያስገቡበት እጠይቃቸዋለሁ። «በዘርፉ የተደረጉ ጥናቶች የገጠር ሴቶችን አላካተቱም» የሚለው «እስካሁን»ን ይቀበላል፤ «ሃቭ» ይሁን። «በ1998 ዓ.ም. የተደረገው ጥናት የገጠር ሴቶችን አላካተተም» የሚለው አይቀበልም፤ «ዲድ» ይሁን። ፈተናው የማይደርስበት ቦታም አለ፤ እንግሊዝኛ የታተመን ጥናት ዛሬም እንደሚናገር ቆጥሮ በአሁን ጊዜ «ደዝ ኖት ኢንክሉድ» ሊል ይችላልና። ይህን ሦስተኛ ምርጫ ከ«አላካተተም» ውስጥ የሚያወጣ የአማርኛ ቃል እስካሁን አላገኘሁለትም።