ሁለት ዓሦች በአንድ ጠባብ ቤት

ዘንድሮ እኔን የያዘኝ ፍቅር የሰው አይደለም፣ የዓሣ ነው። አትሳቁ! ቨርጂኒያ ውስጥ ሳሎኔ ጥግ 75 ሊትር ጨዋማ ውሃ የሚይዝ የመስታወት ገንዳ አለኝ። ከሥራ ስገባ ቤቴ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነፍስ ያላቸው እነሱ ብቻ ናቸው፤ ስለዚህ አንዱም እንዲሞትብኝ አልፈልግም። ድንጋዩና ኮራሉ ቦታ ሲወስዱ ለዓሣ የሚተርፈው ስፍራ ከአንድ ክፍል ኪራይ ቤት አይሻልም። ታዲያ ማን ከማን ጋር ይኑር?

ሱቅ ስትገቡ ዓይናችሁ ሰማያዊው ታንግ ላይ ያርፋል። ተዉት! አሁን ጣት ቢያህልም አድጎ እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። ማንዳሪን የምትባለዋ ደግሞ እንደ ጥለት ያሸበረቀች ናት፤ ግን ከድንጋይ ላይ እየለቀመች የምትበላቸው ደቃቅ ነፍሳት በትንሽ ገንዳ ቶሎ ያልቃሉ፤ ሌላ ምግብ አብዛኛውን ጊዜ አትነካም። ዓይናችሁ እያየ በረሃብ ታልቃለች።

የኔ ምርጫ ክላውን ፊሽ ነው፤ ያ ብርቱካንማው፣ ባለ ነጭ መቀነቱ። ጉዱ ብዙ ነው! ሲያድግ መጀመሪያ ወንድ ነው፤ ከመካከላቸው ትልቁና ኃይለኛው ሴት ይሆናል፣ ተከታዩ ባሏ። እሷ ስትሞት ባልየው ራሱ ሴት ይሆናል። (እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው የኒሞ ፊልም አባትየው ሚስቱ ሞታ አባት ሆኖ ቀረ። ባሕር ውስጥ ቢሆን ግን...) አንዴ ሴት ከሆነ በኋላ ወደ ወንድነት መመለስ የለም። ስለዚህ ሁለት ትልልቅ ሴቶችን ማገናኘት ጦርነት ነው። አንድ ወዳጄ “ሁለቱም ያምራሉ” ብሎ አስገባቸው፤ በሦስተኛው ቀን አንዷ ክንፏ ተቦጫጭቆ ሞታ ተገኘች። እኔ የገዛሁት ሁለት ትንንሾች ነው፣ አንዱ ከሌላው በግልጽ የሚበልጥ። ትንሹ በትልቁ ፊት ሰውነቱን ሲያንቀጠቅጥ አትደንግጡ፤ “እሺ እመቤቴ” ማለቱ ነው። (ለትዳር ምክር አድርጋችሁ እንዳትወስዱብኝ!)

ጎረቤቶቻቸው ጎቢ የሚባለው ዓሣና ፒስቶል ሽሪምፕ ናቸው። ሽሪምፑ ዓይኑ ደካማ ነው፤ አሸዋ ቆፍሮ ቤት ይሠራል። ጎቢው በር ይጠብቃል። ሽሪምፑ ሲወጣ አንቴናውን ከጎቢው ላይ አያነሳም፤ ጎቢው ጅራቱን ካርገበገበ ሁለቱም ወደ ጉድጓድ! ያስገባሁትም እነሱን አስቀድሜ ነው፤ ክላውኖች ከቀደሙ ገንዳው ሁሉ የኛ ነው ይላሉ። ጎቢ ዘላይ ስለሆነ ከላይ መረብ አድርጌአለሁ።

ባለፈው ሳምንት ሻጩ “ርካሽ ናት፣ ይህችን ጨምሪ” ብሎ ሰማያዊ ዳምዝል አሳየኝ። ታምራለች፣ ግን ሌላውን ስታሳድድ ነው የምትውለው። አንድ እሽግ ጨው ገዝቼ ወጣሁ።