ንዳድ

የጥንቱ አማርኛ የቆላን ትኩሳት «ንዳድ» ይለዋል። መተማ ንዳድ የለመደ አገር ነው፤ ሰው ሲያተኩስ «ወባ ነው» ይባላል፤ አለዚያም «ሙቀቱ ነው»። ከደጋ ወርጄ በማስተምርባት የገጠር ቀበሌ ይህን መልስ እኔም ቶሎ ለመድኩት።

በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የሃያ ቀን ልጃችን ሰውነቷ ጋለ። ባለቤቴ፣ «ጡቱን ይዛ መልሳ ትለቀዋለች፤ የትናንቷ ልጅ አይደለችም» አለችኝ። እኔ ግን፣ «ወበቁ ነው፤ ጥቅልሏን አላይላት» ብዬ ተኛሁ። ሌሊቱ እንዲሁ አለፈ።

በማግስቱ ጤና ኬላ ሄድን። ወጣቷ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ስለ ወባ ከማንሳቷ በፊት ባለቤቴን፣ «እህቴ፣ አጠባቧ እንዴት ነው?» ብላ ጠየቀቻት። እኔ የናቅሁትን መልስ እሷ መዝገብ ላይ ጻፈችው። ቴርሞሜትሩን ብብቷ ሥር አደረገች፤ 38.2። ከዚያም ደረቷን ገልጣ፣ ሰዓት ይዛ ትንፋሿን ትቆጥር ጀመር። አንዲት ደቂቃ ያን ያህል ረጅም መሆኗን አላውቅም ነበር። 66 ሆነ። ደግማ ቆጠረች፤ 64።

«መምህር፣» አለችኝ፣ «ከሁለት ወር በታች ላለ ሕፃን 37.5 ከደረሰ አደጋ ነው። ትንፋሹ በደቂቃ 60 ከሞላም እንዲሁ። ከ35.5 በታች ከቀዘቀዘም ያው ነው።»

ያን ጊዜ ገባኝ። ባክቴሪያ የጨቅላን ደም፣ ሳንባ ወይም የአንጎል ሽፋን ሲይዝ ምልክቱ ትንሽ ነው፤ ሕፃኑ ላያተኩስ፣ ላያለቅስም ይችላል። አንዳንዴ ቀድሞ የሚነግረን ጡት መተዉ ብቻ ነው፤ ያንን ደግሞ ከእናት በላይ የሚያውቅ የለም።

ወደ ሆስፒታል ላከችን። የዋልካው ጭቃ ግን መንገዱን ዘግቶት ነበር። በ2005 ዓ.ም. ተጀምሮ በየአካባቢው በተስፋፋው አሠራር፣ ሆስፒታል መድረስ ላልቻለ ጨቅላ ጤና ኬላው ራሱ ሕክምናውን ይሰጣል። ሰባት ቀን ጄንታማይሲን ተወጋች፤ አሞክሲሲሊን ዋጠች። በሦስተኛው ቀን ጡቷን አጥብቃ ያዘች።

ዛሬ ልጄ ተማሪ ናት። ስትተኛ ሳላስበው ትንፋሿን እቆጥራለሁ። ያቺን «ወበቁ ነው» ብዬ የተኛሁባትን ሌሊት ግን እስካሁን ቆጥሬ አልጨረስኳትም።