ሃይማኖትና የዕለት ኑሮ በኢየሩሳሌም

ወደ ቅድስት ከተማ ወደ ኢየሩሳሌም የሄደ እንግዳ አስቀድሞ የሚያስተውለው፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት የዕረፍት ቀኖች መኖራቸውን ነው። እስላሙ ዐርብ ቀትር ላይ ሱቁን ዘግቶ ወደ መስጊድ ይሄዳል። በዚያው ዕለት ፀሐይ ልትጠልቅ 40 ደቂቃ ሲቀራት የሰንበት ማስታወቂያ ይነፋል፤ የአይሁድ እመቤቶችም መብራታቸውን ያበራሉ፤ የቅዳሜው ወጥ አስቀድሞ ተጥዶ እስከ ማግሥቱ በለዘብታ እሳት ላይ ይቈያል። ክርስቲያኑ ደግሞ እሑድን ያከብራል። ስለዚህ በዚያ ከተማ ዳቦ የሚገዛ ሰው የሦስቱንም ሃይማኖት ቀን መቍጠር ግድ ይሆንበታል።

ይሁን እንጂ ሃይማኖት ኑሮን እንዴት አድርጎ እንደሚገዛ ለመረዳት ወደ ጎልጎታ መሄድ ያስፈልጋል። የጌታችን መቃብር ባለበት ቤተ ክርስቲያን ግሪኮች፣ ላቲኖች፣ አርመኖች፣ ግብጾች፣ ሶርያውያንና ኢትዮጵያውያን ድርሻ አላቸው። በሩን የሚጠብቁት ግን ሁለት የእስላም ቤተ ሰቦች ናቸው፤ አንደኛው ቍልፉን ይይዛል፣ ሁለተኛው ተቀብሎ ይከፍታል፤ ይህም ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የመጣ ሥራ ነው።

በፈረንጅ አቈጣጠር በ1852 የቱርኩ ሡልጣን አብዱል መጂድ፣ እያንዳንዱ ወገን የያዘውን እንደ ያዘ እንዲኖር አዘዘ። ነገሩ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በዚያ ስፍራ አንድ ደረጃ የጠረገ፣ አንድ ጣራ ያደሰ ወገን ለባለቤትነቱ ምስክር እንዳገኘ ስለሚቈጠር፣ መጥረጊያ እንኳ ያለ ስምምነት አይነሣም። ከበሩ በላይ ባለው መስኮት ሥር የቆመችው የእንጨት መሰላል በ18ኛው መቶ ዓመት በተሣለ ሥዕል ላይ ትታያለች፤ ዛሬም በዚያው ትገኛለች።

የዚህ ክብደት ለኛ የሚሰማን በዴር ሡልጣን ነው። መነኮሳቶቻችን በቅድስት እሌኒ ቤተ ጸሎት ጣራ ላይ፣ በጕልላቱ ዙሪያ ባሉ ጠባብ ጎጆዎች ይኖራሉ። ግብጾች ቦታው የኛ ነው ይላሉ፤ እኛም የኛ ነው እንላለን፤ ክርክሩም አላለቀም። በ2002 በሐምሌ ወር አንድ የግብጽ መነኵሴ ወንበሩን ከፀሐይ ወደ ጥላ ቢያዛውር፣ ድንበር እንደ መግፋት ተቈጠረና በተነሣው ጠብ 11 ሰዎች ቈስለው ሐኪም ቤት ገቡ። በዚህ የሚስቅ ሰው አይጠፋም። መነኵሴው ግን ዛሬ ስለ ወንበሩ ዝም ያለ፣ ነገ ጎጆውን እንደሚያጣ ያስባል። የሚያሳዝነው ሁለቱ ወገኖች በሃይማኖት አንድ መሆናቸው ነው። በ2018 የእስራኤል መንግሥት ጥገና ሲጀምር የግብጽ መነኮሳት በደጁ ቆመው ተቃወሙ፤ ፖሊስም አነሣቸው።

በትንሣኤ ዋዜማ ማታ ግን በዚያው ጣራ ላይ ከበሮ ይመታል፤ ነጭ የለበሰው ምእመን ሁሉ ጧፍ ይዞ፣ ካህናቱን ተከትሎ ጕልላቱን ይዞራል።